ዘበኛው እና ስልኩ

ለትከሻዬ ሕመም ተራ ስጠብቅ ከፊቴ አንድ ጎልማሳ ዘበኛ ይታከም ነበር። የደንብ ልብሱ በካውያ ጥርት ብሎ ተተኩሷል፤ አንገቱ ግን ወደ ፊት ተደፍቶ ቀርቷል።

“ጋሼ፣ ስልኩን ወደ ዓይንዎ ከፍ አድርገው ይዩ” አለችው ወጣቷ ሐኪም።

“ከፍ ካደረግሁትማ አለቃዬ ያየኛል። ከጠረጴዛ ሥር ደብቄ ነው የማየው።”

“ኳስ ነው አይደል? ይተዉት በቃ!” ብላ ሳቀች።

ስልኩን አዞረላት። አልጋ ላይ የተኛች ሴት ትታያለች።

“ቤት ካሜራ አስገጥሜ ነው። ባለቤቴ ናት፤ እግሯ አይታዘዝላትም። አንድ ቀን ሳላያት ውዬ መሬት ላይ ወድቃ አገኘኋት።”

ሐኪሟ ሳቋን ዋጠች። አገጩን በቀስታ ቀና አድርጋ እስከ አሥር እየቆጠረ ጣሪያውን እንዲያይ ነገረችው። ስድስት ላይ ሲደርስ ድምፁ ተቆረጠና ወደ ስልኩ አጎነበሰ።

“አልጋዋ ላይ አለች” አለ፤ ቀና ብሎም እንደገና ከአንድ ጀመረ።