የትንፋሽ ቅርጫ

ሥራዬ እናቶችን ቱቦ ማስነፋት ነበር። ሶዶ ውስጥ የሳንባ መድኃኒት በሚጠናበት አንድ ክፍል በነርስነት ተቀጥሬ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ የማገዶ ጭስ ሲጠጡ የኖሩ ሴቶች የትንፋሽ መለኪያውን በከንፈራቸው ይዘው ያላቸውን አየር አሟጠው እስኪያወጡ ድረስ እጮህባቸው ነበር። «ንፉ! ንፉ! አሁንም! አሁንም!» በቀጭን ግድግዳ የምንለያየው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ በሻይ ሰዓት ሲያገኘኝ፣ «ሲስተር፣ ዛሬ ስንት ለስንት አለቀ?» ይለኝ ነበር።

የምጮኸው ወድጄ አይደለም። የእኛ አገር ሴት ሰው ፊት አትነፋም። ፊቷን ዞር ታደርጋለች፣ አፏን በእጇ ትከልላለች፣ ከዚያ ሻይ እንደምታበርድ እፍ ትላለች። መሣሪያው ይህን አይቀበልም፤ እኔም ትዕግሥት አልፈጠረብኝም።

በሽታው ስሙ ረጅም ነው። የሳንባ ቧንቧዎች ከዓመት ዓመት እየጠበቡ ይሄዳሉ፤ አይድንም፣ ግን ይረግባል። የሕክምና መጽሐፉ ሲጋራን ይወቅሳል፤ የእኛዎቹ ሲጋራ በእጃቸውም ነክተው አያውቁም። የጨረሳቸው እንጨት ነው።

ጥናቱ እንዲህ ነበር። የተለመደው ሕክምና ለሁሉም ይሰጣል፤ ትንፋሽ ድንገት ሲያጥራቸው የሚስቡት ሰማያዊ ፓፍም ሁሉም አላቸው። በዚያ ላይ ጠዋትና ማታ ሁለት ሁለት ጊዜ የሚሳብ ነጭ ፓፍ ይጨመርላቸዋል። ከነጮቹ ግማሾቹ አዲሱን መድኃኒት የያዙ ናቸው፣ ግማሾቹ ባዶ። ሲያዩዋቸው አንድ ናቸው። ለማን የቱ እንደደረሰ ሴቶቹም፣ እኔም፣ ዶክተሩም አናውቅም፤ የሚያውቀው ሩቅ ያለ ኮምፒውተር ነው።

ይህን ማስረዳት የእኔ ድርሻ ነበር። የስምምነት ወረቀቱ አማርኛ እውነት ለመናገር ለእኔም አልገባኝም። ስለዚህ ወደ ወላይትኛ ስመልሰው በቅርጫ መሰልኩት። ለጊፋታ፣ ለዘመን መለወጫችን፣ በሬ ታርዶ ሥጋው ቅጠል ላይ መደብ መደብ ይደረጋል፣ እጣ ይጣላል፣ የደረሰሽን ይዘሽ ወደ ቤትሽ ነው፤ የፓፉም እጣ እንደዚያው ነው እላቸው ነበር። ይስቃሉ፣ ይገባቸዋል፣ ይፈርማሉ። በምሳሌዬ እኮራ ነበር። ዶክተሩ እንኳን አንድ ቀን እንግዶች ፊት አመስግኖኛል።

ከተሳታፊዎቹ መካከል ከሁምቦ የሚመጡ ሁለት ሴቶች ነበሩ፤ የሁለት ወንድማማቾች ሚስቶች። ታላቂቱ ስድሳን ያለፈች፣ ቀጭን፣ ነገረኛ፤ ታናሺቱ ከሃምሳ ብዙም ያልራቀች፣ ዝምተኛ። በአንድ ግቢ፣ በአንድ ማድቤት ልጅ አሳድገዋል። ከመንደራቸው በላይ ያለው ተራራ ድሮ ራቁቱን ነበር፤ አሁን ደን ለብሷል፣ ዛፉ ሲገረዝ ጭራሮው ለማገዶ ይወርዳል። ስለ ደኑ ሰው ሲያወራ መስማት ደስ ይላል። እኔ ግን ለቤት ለቤት ጥየቃ ሄጄ ማድቤታቸውን አይቼዋለሁ፤ መስኮት የለውም።

ታላቂቱ ጥናቱ ውስጥ ስትገባ አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቀችኝ። ረቡዕ ረቡዕ የሴቶች ጸሎት አለ፤ ቤተ ክርስቲያኑ ደግሞ ዳገት ላይ ነው። ዓመት ሙሉ አልወጣችም። «በእግሬ ያወጣኛል?» አለችኝ። መድኃኒት ሲጠና ተስፋ መስጠት አይፈቀድም። «እናያለን፣ እናቴ» አልኳት።

ወጣችው። በሁለተኛው ወር ቀጠሮ ሲመጡ ሁለቱም ተሽሏቸው ነበር፤ ታላቂቱ ዳገቱን ሁለት ጊዜ ብቻ አርፋ እንደወጣችና ከመዘምራኑ እኩል እንደዘመረች አወራችኝ። ፓፉ ጀርባ ላይ የቀረውን የምትቆጥር ትንሽ መስኮት አለች። የሁለቱም ቁጥር አንድም ሳይዛነፍ ልክ ነበር። ለሌሎቹ ሴቶች፣ «እንደ ሁምቦዎቹ ሁኑ» ማለት ጀመርኩ።

በሦስተኛው ወር ከሌሊት ወጥተው በመጀመሪያው ሚኒባስ መጡ። የፓፍ ሰዓታቸው ደርሶ ስለነበር በረንዳው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ፓፋቸውን አወጡ። እኔ በመስኮት አያቸዋለሁ። ታናሺቱ ከራሷ አንድ ጊዜ ሳበች፣ አፉን በነጠላዋ ጫፍ ጠረግ አድርጋ ለታላቂቱ አቀበለቻት። ታላቂቱ ሳበች። ከዚያ እሷም የራሷን አውጥታ ሳበች፣ ጠረገች፣ ሰጠቻት። ወሬያቸውን እንኳን አላቋረጡም።

ወጣሁባቸው። «ምን እያደረጋችሁ ነው?»

አልደነገጡም። ታላቂቱ ነጠላዋን አስተካክላ፣ «ሲስተር፣ አንቺ ራስሽ ቅርጫ ነው አላልሽም?» አለችኝ።

«ብያለሁ።»

«በቅርጫ መጀመሪያ መደቡ ይስተካከላል። ጉበቱም ለሁሉም፣ አጥንቱም ለሁሉም ይዳረሳል። እጣው ከዚያ በኋላ ነው። የእናንተ ግን አንዱ መደብ ሥጋ፣ ሌላው ባዶ ቅጠል። ባዶ ቅጠል እጣ ተብሎ ለሰው ይሰጣል እንዴ? መዳቢው ሲሳሳት ጎረቤት ከጎረቤት ያስተካክላል።»

«ከኔ አንድ፣ ከሷ አንድ» አለች ታናሺቱ፣ እንደ ፓፉ ሁሉ ጥፋቱንም እኩል የምታካፍል ይመስል ቀስ ብላ።

ቁጥሩ ለምን እንዳልተዛነፈ ያን ጊዜ ገባኝ። በራሴ ምሳሌ ተያዝኩ። ሳፍር ደግሞ እቆጣለሁ፤ ጠባዬ ነው። ገብቼ ለዶክተሩ ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አኖረና ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ። ከበላዮቹ ጋር ተነጋግሮ፣ ሁለቱም እንዲቆዩ፣ ከእንግዲህ ግን እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ብቻ እንዲወስዱ ተወሰነ። ትክክል ነበር። ሁሉም ሴት እንደ እነሱ ብታደርግ መድኃኒቱ ይሥራ አይሥራ ማንም አያውቅም፤ ወደፊት የሚመጡት እናቶችም በግምት ይታከማሉ። ዛሬም ይህን አምናለሁ።

የመምከሩ ሥራ ለእኔ ተሰጠ። መከርኩ ከማለት ተቆጣሁ ማለት ይቀላል። ጥናቱን እንዳበላሹ፣ የስንት ሰው ድካም ገደል እንደከተቱ ነገርኳቸው። በመጨረሻም ቃል እንዲገቡልኝ ጠየቅኳቸው። አማኞች ናቸው፣ አይምሉም፤ «እሺ» ካሉ እሺ ነው። ይህን አውቃለሁ፣ ስላወቅሁም ነው ቃል ያስገባኋቸው። ታላቂቱ፣ «እሺ» አለች። ታናሺቱ ዓይኗን ታላቂቱ ላይ አድርጋ ቆየች፤ ከዚያ እሷም፣ «እሺ» አለች።

በሚቀጥለው ወር ታናሺቱ ከበፊቱም ተሽሏት መጣች። ታላቂቱ ከበሩ እስከ ወንበሩ ለመድረስ ግድግዳ ያዘች። የሶዶ ብርድ ነው አለችኝ፤ ከቆላ ለሚወጣ ሰው ብርዱ ደረት ይይዛል፣ እውነት ነው። ስታስነፋኝ የኖረችው እሷ ይመስል፣ «ዛሬ አትጩሂብኝ» አለችኝ። አልጮህኩም። መለኪያው ያሳየው ጥናቱን ስትጀምር ከነበራት ያነሰ ነበር። ረቡዕስ? አልኳት። እጇን ወደ ታች አወዛወዘችው።

እኛ በዓመታት የምንጠብቀውን መልስ ሁለቱ በአንድ ወር አውቀውት ነበር። ኋላ የእጣው ኮድ ሲከፈት አየሁት፤ የታላቂቱ ባዶው ነበር።

መውጣት እንደምትችል ነገርኳት፤ በፈለገችው ቀን፣ ምክንያት ሳትሰጥ፣ ወረቀቱ ላይም አለ። «ወጥቼ ያ መድኃኒት ይሰጠኛል?» አለች። አይሰጥም፤ አዲሱ መድኃኒት ከጥናቱ ውጭ የትም አይገኝም። «ታዲያ እስከ መጨረሻው እሺ ብያለሁ» አለች። ዶክተሩ የተለመደውን ሕክምና ከፍ አደረገላት። እሱ ማድረግ የሚችለው ያን ነበር።

ሲወጡ ታናሺቱ ወደ ኋላ ቀርታ ክንዴን ያዘችኝ። በአራት ወር ውስጥ ራሷ ጀምራ ስታናግረኝ የመጀመሪያዋ ነበር።

«ሲስተር፣ ረቡዕ ጠዋት ብቻ አንድ ባቀምሳት?»

«ቃልሽ የት ሄደ?» አልኳት።

ሌላ መልስ ነበረኝ። ለዶክተሩ ልንገረውና እንይ ማለት እችል ነበር፣ ወይም ዝም ማለት። ያን ቀን ተራ የሚጠብቁ ስድስት ሴቶች ነበሩ፤ ደክሞኛል፣ ርቦኛል፤ ከሁሉም በላይ አንድ ጊዜ የተሞኘሁበት ነገር ሁለተኛ እንዲያሞኘኝ አልፈለግሁም። ታናሺቱ ክንዴን ለቀቀችና ሄደች።

በአምስተኛው ወር ቀጠሮ ታናሺቱ ብቻዋን መጣች። ጥቁር ለብሳለች። ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ከጉያዋ በመሐረብ የተቋጠረ ነገር አወጣች፤ ሁለቱ ነጭ ፓፎች ነበሩ። ባለፈው ሳምንት፣ በንጋት፣ ታላቂቱን ትንፋሽ አጠራት አለችኝ። ሰማያዊውን ደጋግማ ሳበች። ወደ ጤና ጣቢያው የሚወስዳት ጋሪ እስኪመጣ አልቆየችም።

እንደ ልማዴ ፓፎቹን አገላብጬ ቁጥራቸውን አየሁ። እጄ ነው የሠራው። ታላቂቱ እስከ ሞተችበት ዋዜማ ማታ ድረስ የራሷን ብቻ፣ አንድም ሳታጎድል ወስዳለች። የታናሺቱም እስከዚያች ጠዋት ልክ ነበር። ከዚህ በላይ ንጹሕ መረጃ በእጄ ገብቶ አያውቅም። ቅጹ ላይ ሞላሁት። እንዲህ ያፈርኩበት ቀን የለም።

ታናሺቱ እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«ያን ጊዜ የኔው ነጭ እጄ ላይ ነበር» አለች። «አልጠየቀችኝም። አየት አደረገችው ብቻ።»

እንደዚያ ትንፋሽ ላጠረው ሰው ነጩ ፓፍ አይደርስለትም፤ ቀስ እያለ የሚሠራ ነው፣ ያን ሰዓት አያድናትም ነበር። ይህን ልነግራት አፌን ከፈትኩ። እሷ ግን የጠየቀችኝ ሌላ ነበር።

«አንድ ጊዜ ብሰጣት ኖሮ ትቆጪኝ ነበር፣ ሲስተር?»

ጭንቅላቷን ቀና አድርጋ ዓይኔን ታየኛለች። ዋሽቼ ራሴን ማሳረፍ እችል ነበር።

«አዎ» አልኳት። «እቆጣሽ ነበር።»