ከባዱ ሰደርያ

ልጄ ልብስ ሰፊ ናት። የሰፈሩ ሰው እጀ ወርቅ ይላታል፤ ሱሪ የጠበበው ሁሉ የሚሮጠው ወደ እሷ ነው። እኔ ቁልፍ እየተከልኩ አግዛታለሁ፤ ቀለም ብዙም ባልቆጥር መርፌ መያዝ አያቅተኝም።

ሴት ልጇን ድንቢጥ እንላታለን። ኦቲዝም አለባት። ቃል አይወጣትም፤ ጫጫታ ሲበዛ ጆሮዋን ይዛ ትጮኻለች።

ድንቢጥን ያየቻት የአንድ የሕፃናት ማዕከል ባለሙያ ልጄን፣ «ከበድ ያለ ሰደርያ አልብሻት፣ ክንዷን በብሩሽ አሺላት፣ ዥዋዥዌ አጫውቻት፤ ሰውነቷ ይረጋጋል» አለቻት። ልጄ በዕለቱ ጫፉ ውስጥ አሸዋ ከታ ሰፋችው። ስታለብሳት ድንቢጥ ጸጥ አለች። እኔማ እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

ጭንቁ የመጣው በኋላ ነው። ማዕከሉ በየጠዋቱ አምጪያት አለ፤ ሌላ ቦታ ንግግር የምታስተምር ሴትም የምትቀበለው ጠዋት ብቻ ነው። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ አለባት፤ የተወችው ቦታ ለሌላ ልጅ ይሰጣል። ከልጄ ጋር ተያይዘን ድንቢጥን ወደሚከታተላት ሽበታም ሐኪም ሄድን።

«ዶክተር፣ ሰደርያው ሠርቶልኛል። የንግግሩን ልተወውና ማዕከሉን ልያዝ?» አለች ልጄ።

«ቀስ በይ እንጂ። ከባድ ሰደርያ ላይ ከተደረጉት ጥናቶች አብዛኞቹ ለውጥ አላገኙም። የብሩሹም ማስረጃ ቀጭን ነው። የሠለጠነ ባለሙያ በዥዋዥዌና በመሳሰለው ጨዋታ የሚሰጠው ሕክምና ጥሩ ምልክት አሳይቷል፤ ግን የታዩት ልጆች ጥቂት ናቸው፣ አፌን ሞልቼ አልናገርም።»

«በዓይኔ ያየሁትስ?»

«ስታለብሻት ሌላ የሚቀየር ነገር አለ?»

«ምንም!» አለች በቁጣ።

እኔ አፌ መች ያርፋል። «የስፌት መኪናውን ታጠፊው የለ እንዴ?» አልኳት። ልማዷ ነው፤ ሰው ልብስ ሲሞክር መኪናውን ታቆማለች፣ ሬዲዮውን ትዘጋለች፣ በሩን ትገጥማለች፤ ድንቢጥን ስታለብሳትም እንደዚሁ። በጥፊ የመታኋት ያህል አየችኝ።

ቤት ገብታ አንዴ የስፌት መኪናው እየሠራ አለበሰቻት፤ ድንቢጥ ከነሰደርያዋ ጮኸች። ሌላ ቀን ሰደርያውን ትታ መኪናውን ብቻ አጠፋች፤ ልጅቷ ወለሉ ላይ ቁልፍ ስትደረድር ዋለች። ደጋግማ ሞከረች፤ ያው ነው።

«እማዬ፣ ራሴን ነው እንዴ ሳታልል የከረምኩት?»

«ኧረ ተይ! ልጅሽ ጸጥ ስትልልሽ ምን ልታደርጊ ኖሯል?»

ለሐኪሙ ስትነግረው፣ «በአንድ ልጅ የታየ ለሁሉም አይሆንም፤ ለአንቺ ምርጫ ግን ይረዳል» አላት።

መኪናውን ወደ ጓዳ አስገባች። ዥዋዥዌውን አልተወችም፤ መድኃኒት ብላ ሳይሆን ልጅቷ ስለምትስቅበት ነው። የማዕከሉን ቦታ ለቀቀችና የንግግሩን ያዘች።

አሁን ጠዋት ጠዋት ከንግግር ክፍሉ ውጭ አግዳሚው ላይ እንቀመጣለን። ልጄ የነጠላዋን ጫፍ ትጠመዝዛለች።

«እማዬ፣ የሚበጃት ያኛው ማዕከል ቢሆንስ?»

«እኔ ምን አውቄ፣ የኔ ልጅ።»

ከውስጥ የሚሰማው የአስተማሪዋ ድምፅ ብቻ ነው። ጆሯችንን በሩ ላይ ጥለን የድንቢጥን ድምፅ እንጠብቃለን።