«አላስታውስም በይ»

የልጄ እናት ስትደውልልኝ ጄኔቭ፣ ግራንድ ሳኮኔ፣ ኤግዚቢሽን አዳራሹ ውስጥ ወንበር እየደረደርኩ ነበር። ሥራዬ ነው። ሰው ሊቀመጥ ሲል እደረድራለሁ፣ ሰው ሲሄድ እሰበስባለሁ። አዲስ አበባ ላሉት ዘመዶቼ ግን «ዓለም አቀፍ ስብሰባ ላይ ነው የምሠራው» ብያቸዋለሁ። ውሸት አለው?

«ልጅቷን ሊፈትኗት ነው» አለችኝ።

«በሰባት ዓመቷ? ምን አጠፋች?»

«ምንም አላጠፋችም። ክፍል ውስጥ ዝም ትላለች አለች አስተማሪዋ። የትምህርት ቤቱ ሳይኮሎጂስት አስቀምጣ ትጠይቃታለች። ከጓደኞቿ ጋር ሁለተኛ ክፍል ትለፍ ወይስ ትድገም የሚለውን ከዚያ በኋላ ነው የሚወስኑት።» ቀጠለች። «እኔን ከጠየቅከኝ ቋንቋ በዝቶባታል። ውጤቱ ጥሩ ካልሆነ አንዱን እናቆማለን።»

የትኛውን እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ገብቶኛል።

ልጃችን የተወለደችው ጄኔቭ ነው። ከእናቷ ጋር ስንለያይ እናቷ ዙሪክ ሥራ አገኘችና ቪዲኮን የሚባል ሰፈር ገቡ፤ እኔ እዚያው ጄኔቭ፣ ሻትሌን ቀረሁ። የልጅቷ ፈረንሳይኛ ዓመት ሳይሞላው ተነነ፣ በቦታው ጀርመንኛ ገባ። የኔ ጀርመንኛ ደግሞ ትኬት ይገዛል፣ ይቅርታ ይጠይቃል፣ ከባቡር ይወርዳል፤ ከዚያ ወዲያ አይራመድም። እኔና ልጄ የምናወራበት የቀረን አማርኛ ብቻ ነው። እሱም ቢሆን ስብርብሩ የወጣ ነው። «አባዬ፣ ዛሬ ሹለ ውስጥ ወደኩ፣ ግን አላለቀስም» ትለኛለች፣ ማታ ማታ ከእራት በፊት ስትደውል፤ ሹለ የምትለው ትምህርት ቤቱን ነው። እኔ ቀኑን ሙሉ ወንበር የምደረድረው ለዚያች ስልክ ነው። ያ አማርኛ ከቆመ በምን ልናወራ ነው? በጥቅሻ?

እኛ ሕንፃ ውስጥ አንድ ጡረታ የወጡ ጋሼ አሉ። በሐበሻው ዘንድ የታወቁት በአንድ ነገር ነው፦ ጥገኝነት ጠይቆ ለኢንተርቪው የሚቀርብ ሁሉ መጀመሪያ እሳቸው ሳሎን ይቀርባል። ክርስቲያን ሁን ሙስሊም፣ ሴት ሁን ወንድ፣ ጠረጴዛ ማዶ ያስቀምጡህና ፊታቸውን አኮሳትረው ያፋጥጡሃል። እኔንም በጊዜዬ ያዘጋጁኝ እሳቸው ናቸው። ወረቀቴን አግኝቻለሁ። እና ፈተና ሲባል ሌላ ማን ጋ ልሂድ?

«ጠያቂዋ ሴት ናት ወንድ?» አሉኝ።

«ሴት ናት።»

«አስተርጓሚ ይኖራል?»

«ለልጅቷ የለም፤ በጀርመንኛ ነው።»

«ጥሩ። ሰው የሚያበላሸው አስተርጓሚ ነው።» መነጽራቸውን አደረጉ። «የተጠየቀችውን ብቻ ትመልስ፣ ከራሷ እንዳትጨምር። አንዴ ያለችውን ደግሞ ሞቷን እንዳትቀይር! ቃሏን ቀየረች ይሏታል። ያላወቀችውን አላስታውስም ትበል።»

«ጋሼ፣ ልጅቷ ሰባት ዓመቷ ነው። ምን ኖራ ምን ትረሳለች?»

«አንተስ ያኔ ምን ታውቅ ነበር? አሳለፍኩህ አይደል?»

ምክራቸውን ይዤ ወጣሁ።

ቅዳሜ ዙሪክ ሄድኩ። ቪዲኮን፣ ከቤታቸው ጀርባ ያለው መጫወቻ ሜዳ ወሰድኳትና ዥዋዥዌ ላይ አስቀምጬ እየገፋሁ፣ «ጋሼ ያሉት ነው» እያልኩ አሠለጠንኳት።

«ቁርስ ምን በላሽ?»

«አላስታውስም!»

«ይሄ ዛፍ ነው ወይስ ላም?»

«ላም!»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ያልኩት ያልኩት ነው!»

ሳቋ እስከ ትራሙ ድረስ ይሰማ ነበር። ልጄ ያን ያህል አማርኛ በአንድ ቀን አውርታ አታውቅም። ቀኑ ባይመሽ ብዬ ተመኘሁ። ግን የመልስ ባቡር አለ፣ ሁልጊዜም አለ።

የተፈተነች ቀን ሥራ ላይ ነበርኩ። አባቴ ትዝ አለኝ። እኛ ትምህርት ቤት ሰኔ ላይ ካርድ ሲታደል አስተማሪው ከአንደኛ ጀምሮ ነበር የሚጠራን። እኔ ጋ እስኪደርስ ድምፁ ይሰልል ነበር። አባቴ ግን የክፍሉ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ ስሜ ሲጠራ ብቻውን ያጨበጭባል። ልጆቹ ይስቃሉ፣ እኔ ጠረጴዛ ሥር ልገባ እደርሳለሁ። አሁን ግን ያ በር ነው የሚናፍቀኝ። አባቴ በእግሩ ይደርስ ነበር። እኔና የልጄ ክፍል መሀል ግማሽ ስዊዘርላንድ አለ።

ከዚያ ወላጆች ይምጡ ተባለ። እናቷ አለች፣ እኔ አለሁ፣ ለኔ ጀርመንኛ ሲባል የተጠራች አንዲት ወጣት አስተርጓሚም አለች። ሳይኮሎጂስቷ ፀጉሯ የሸበተ፣ ረጋ ያለች ሴትዮ ናት።

«ልጅቷ ንቁ ናት» አለች፣ በአስተርጓሚዋ በኩል። «ግን ያሳሰበኝ ነገር አለ። ቁርስ ምን በላሽ አልኳት፤ አላስታውስም አለች። የውሻ ሥዕል አሳየኋት፤ ድመት አለች። እንደተሳሳተች ፊቷ ላይ ያስታውቃል። ማስተካከል ትፈልጊያለሽ ስላት ግን፣ አይ፣ ያልኩት…»

አስተርጓሚዋ እዚህ ላይ ቆመች። ከንፈሯን ነከሰች።

«…ያልኩት ነው አለች። ከአባትሽ ጋር ስትሆኑ ምን ትጫወታላችሁ ብላትም አላስታውስም።»

ይቺኛዋ አንጀቴን በላችው። ዥዋዥዌውንም አላስታውስም አለች?

አስተርጓሚዋ ወደኔ ዞረች። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ከራሴ መጠየቅ አይፈቀድልኝም… ግን ልጅቷን ያዘጋጇት ጄኔቭ ያሉት ሰውዬ ናቸው?»

«አንቺንም?»

«እኔንም!»

የልጄ እናት ቀስ ብላ ዞረች። «አንተ ሰውዬ! ልጄን እንደ ጥገኝነት ጠያቂ ነው ያዘጋጀሃት?»

ሳይኮሎጂስቷ ምን እየተባለ እንደሆነ ጠየቀች። አስተርጓሚዋ የተባለውን ሁሉ መተርጎም ግዴታዋ ነውና ተረጎመችው፤ እኔም ሥልጠናውን ሁሉ ተናዘዝኩ፣ ዛፏም ላሟም አልቀሩ። ሴትዮዋ ሳቀች፣ ዓይኗን ጠረገች። ሳቋን ስትጨርስ፣ «አሁን ትጠራ» አለች። «እርስዎ እዚሁ ይቀመጡ። በአማርኛ ታውራልኝ።»

ልጄ ገባች። ስታየኝ ፊቷ በራ፤ ወዲያው ደግሞ ኮስተር አለችና እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀመጠች፤ ልክ እኔ ያኔ እንደተቀመጥኩት።

«የኔ እናት፣ ጋሼ ያሉትን ተይው» አልኳት። «የፈለግሽውን አውሪ። ከተሳሳትሽ ቀይሪው።»

«መቀየር ይቻላል?»

«ይቻላል።»

«ጋሼ አይቆጡም?»

«እሳቸውን ለኔ ተይልኝ።»

ሴትዮዋ ሥዕሎች ደረደረች፦ አንድ ልጅ፣ ውሻው፣ የተቀደደ አጥር፣ ከዚያ ውሻ የሌለበት ግቢ። ታሪኩን ንገሪኝ አለቻት።

ልጄ አየቻቸው። «ውሻው ሄደ» አለች። «ግን አልጠፋም። ባቡር ነው የወሰደው። ልጁ አያለቅስም፣ ምክንያቱም ውሻው ቅዳሜ ይመጣል።» አሰበች። «ቆይ፣ ልቀይር። ይመጣል፣ ግን ማታ ደግሞ ይሄዳል። ልጁ ያኔ ትንሽ ያለቅሳል።»

አስተርጓሚዋ ተረጎመች። እኔ ጣሪያውን እያየሁ ነበር። ጥሩ ጣሪያ ነው።

ልጄ ሁለተኛ ክፍል አለፈች። ጀርመንኛውን በትርፍ ሰዓት ያግዟታል። ስለ አማርኛው ሴትዮዋ እናቷን ነው ያየቻት፦ «አትንኩባት። ረጅም ነገር የምታወራው በሱ ነው።» እናቷ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። ኮሪደሩ ላይ ግን፣ «እኚያን ጋሼ አንድ ቀን አገኛቸዋለሁ» አለችኝ።

ባለፈው ሳምንት ከሥራ ወጥቼ አውቶቡስ ላይ እያለሁ ልጄ ደወለች።

«አባዬ፣ አሁን እኔ ነኝ የምፈትንህ። ዝግጁ?»

«ዝግጁ።»

«አንተ ለምን ዙሪክ አትኖርም?»

«እዚህ ወንበሩን ማን ይደረድራል?»

«ዙሪክ ወንበር የለም?»

አዳራሹን አሰብኩ፣ ቤቴን አሰብኩ፣ በዚህ ዕድሜ እንደ አዲስ ጀርመንኛ ሀ ብሎ መጀመሩን አሰብኩ።

«አላስታውስም» አልኳት።

አልሳቀችም። በስልኩ ውስጥ የቪዲኮን ትራም ሲያልፍ ሰማሁ።

«አባዬ» አለችኝ ቀስ ብላ፣ «መቀየር ይቻላል እኮ።»

አውቶቡሱ ሻትሌን ቆመ። ሰው ወረደ፣ ሰው ገባ፣ በሩ ተዘጋ። እኔ ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ቤቴን አልፌ ሄድኩ። እሷም አልዘጋችውም፤ መልሴን እየጠበቀች ነበር።