ማርሚታ ላይ የደረቁት ኤሌክትሮዶች

ይህ የሆነው ካቻምና ነሐሴ ላይ ነው። እስከ ዛሬ ኤሌክትሮድ ባነሳሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል። ያን ቀን ሰው ሁሉ እየሰማ “ጥፋቱ የእኔ ነው” ብያለሁ፤ የሚያውቀኝ ሰው ይህ ቃል ከአፌ በቀላሉ እንደማይወጣ ያውቃል።

አሶሳ ውስጥ በጋሽ ታደሰ ብረታ ብረት ቤት በያጅ ነኝ። አዲስ ደንበኛ ሲገባ አየት ያደርገኝና “ባለሙያው የለም?” ይላል። “አለች፣ ፊትህ ቆማለች” እለዋለሁ። ምላሴ ትንሽ ይፈጥናል።

ሆሞሻ አካባቢ ባለ አንድ መንደር እማማ ሐሊማ የሚባሉ ባልቴት የእህል ወፍጮ አላቸው። መንደሩ ያለው ወፍጮ እሱ ብቻ ነው። ወፍጮውን የተሸከመው የብረት መቀመጫ ተሰነጠቀና ጋሽ ታደሰ ሁለት ጊዜ ሄደው በየዱት። ሁለቱንም ጊዜ ሳምንት ሳይሞላው ተከፈተ። በሦስተኛው “ወገቤን አሞኛል፣ አንቺ ሂጂ” አሉኝ። አሟቸው ይሁን ፈርተው እንጃ።

ስደርስ የእማማ ሐሊማ አማች በር ላይ ቆሟል። አሮጌ ብረት የሚሰበስብ ነጋዴ ጠርቷል። “ዛሬ ካልያዘ ወፍጮው ተጭኖ ይሄዳል። ሰለቸን!” አለኝ። ወፍጮውን የተከሉት የእማማ ሐሊማ ሟች ባል ናቸው። እማማ የሻሻቸውን ጫፍ በእጃቸው ይዘው ብረቱን ብቻ ያያሉ። ውጭ ሴቶች እህላቸውን አስቀምጠው ይጠብቃሉ።

ይዤ የመጣሁትን ጄኔሬተር አስነስቼ በየድኩ። ሲቀዘቅዝ ቅርፊቱን በመዶሻ መታ መታ አድርጌ ሳየው፣ ወይ ጉዴ! ብየዳው እንደ እንጀራ ዓይን በዓይን ሆኗል። የማሽኑን ኃይል ጨመርኩ፤ ባሰበት። ቀነስኩ፤ ኤሌክትሮዱ እየተጣበቀ አስቸገረኝ። የገመዱን መቆንጠጫ ፈትቼ ዝገቱን ፍቄ መልሼ አሰርኩ። ያው ነው። አማችየው ስልኩን አውጥቶ ነጋዴውን “የት ደረስክ?” ይለዋል። ላቤ በጀርባዬ ይንቆረቆራል።

አንድ ኤሌክትሮድ አንስቼ ሽፋኑን በጣቴ ዳሰስኩት። እርጥብ ነው። ብረት ሳስነካው ይንጣጣል፣ እንፋሎት ይተፋል። ያኔ ገባኝ። በአሶሳ ክረምት ግድግዳው ሳይቀር ያልበዋል። ሱቁን ስጠርግ መንገድ እንዳይዘጋብኝ ብዬ ፓኮውን ቀድጄ ኤሌክትሮዱን ግድግዳ ሥር፣ ሲሚንቶው ላይ የምደረድረው ደግሞ እኔ ነኝ። ጋሽ ታደሰ ሁለቴ ይዘው የመጡትም ከዚያው ነው። እኔ ጉደኛዋ፣ “ሰውየው አርጅተዋል፣ እጃቸው ከዳቸው” እያልኩ በልቤ ሳማቸው ነበር የሰነበትኩት።

ማሽኑን ወቅሼ መሄድ እችል ነበር። ማን ያውቅብኛል? ግን የእማማ ሐሊማን ፊት ሳይ አልቻልኩም።

“እማማ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። የብረቱም አይደለም፣ የጋሽ ታደሰ እጅም አይደለም። ኤሌክትሮዱን እርጥብ ቦታ ያኖርኩት እኔ ነኝ” አልኳቸው።

አማችየው ሳቀ። “ታዲያ አሶሳ ደርሰሽ እስክትመለሺ ልንጠብቅሽ ነው?”

“የትም አልሄድም። የወፍጮውን ሞተር አስነሳልኝ።”

የናፍጣ ሞተሩ ደህና ነበር። ወፍጮውን እንዳያዞር ቺንጋውን አወለቅሁና ኤሌክትሮዶቹን በሽቦ ጠፍሬ ጭስ ማውጫው ላይ፣ ማርሚታው ዙሪያ አሰርኳቸው። ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ።

“ዛሬ ምሳችን የብረት ጥብስ ነው እንዴ?” አለች አንዷ።

“ጨው አምጪ” አልኳት።

ኤሌክትሮዶቹ እስኪደርቁ የድሮውንም የአሁኑንም ብየዳ በግራይንደር ሞርጄ ንጹሑ ብረት ድረስ አወጣሁት። አንድ ሰዓት አለፈ። በመሀል ነጋዴው መኪናውን ይዞ ደረሰና እጁን አጣምሮ ቆመ። ይቁም አልኩ።

ትኩሱን ኤሌክትሮድ በጓንት ይዤ ስጀምር ድምፁ ራሱ ተለወጠ። መንጣጣቱ ቀርቶ እንደሚቁላላ ሽንኩርት እኩል ይንሿሿ ጀመር። ቅርፊቱ በአንድ ምት ረገፈ። ሥሩ ድፍን ነው፤ አንድ ቀዳዳ የለበትም። ቺንጋውን መለስን፣ እህል ተጨመረ፣ ወፍጮው ተነሳ። መዳፌን መቀመጫው ላይ አድርጌ ሁለት ኩንታል እስኪያልቅ ጠበቅሁ። ንቅንቅ አላለም። ነጋዴው ባዶ መኪናውን አዙሮ ሄደ።

“አንተ ጎበዝ ነህ፣ ወላሂ!” አሉኝ እማማ ሐሊማ። አፍ የፈቱት በበርታ ቋንቋ ስለሆነ በአማርኛ ሁሉንም ሰው “አንተ” ነው የሚሉት። “አሁን ያንተ ይፈጫል።”

“እህል አልያዝኩም እኮ እማማ።”

የብየዳ ጭምብሌን ከእጄ ወስደው እንደ ሳህን ገለበጡትና ለሴቶቹ አዞሩት። እያንዳንዷ ከራሷ ጆንያ አንድ አንድ እፍኝ ማሽላ ጨመረችበት። አለቀስኩ፤ ምን እደብቃለሁ።

አሶሳ ተመልሼ ዱቄቱን ለጋሽ ታደሰ አካፈልኳቸውና ሁሉንም ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። ሁለት እጃቸውን ዘርግተው አዩ።

“እኔ እኮ መዶሻውን ላስቀምጥ ወስኜ ነበር” አሉ።

ወፍጮው እስከ ዛሬ ይፈጫል። ኤሌክትሮዳችን አሁን ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ ሆኖ ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ ነው የሚቀመጠው። ብየዳዬ በመያዙ እኮራለሁ፣ በጣም። ከዚያ በላይ የምኮራው ግን ጠዋት ሱቅ ስገባ ጋሽ ታደሰ ቀድመውኝ ጓንታቸውን አጥልቀው ሳገኛቸው ነው።