የሊሙንጋ ዶሮዎችና የተመለሱት ፕሮግራመሮች

በካሜሩኗ ቡያ ከተማ ኢንተርኔቱ ተዘግቶ፣ ኋላም የግጭቱ ተኩስ ሲበረታ ፕሮግራመሮቹ ሰላም ወደነበረባት ወደ ዱዋላ ከተማ ነጎዱ። አብራቸው ትሠራ የነበረችው ሊሙንጋ ግን ንቅንቅ አላለችም፤ ባዶ በቀረው ቢሯቸው ውስጥ ዶሮ ማርባት ጀመረች። "ከባልደረቦቼ ይሻላሉ፤ እነዚህስ እንቁላል ይጥላሉ" ትል ነበር።

ከዓመታት በኋላ የቀድሞ አለቃዋ ኤኬማ ሱፉን ግጥም አድርጎ ከች አለ።

"እህቴ፣ ሥራ መጥቷል! የሆስፒታል ቀጠሮ የሚያስይዝ ፕሮግራም ልንሠራ ተዋውለናል። ልጆቹን ሰብስቤ ልመለስ ነው።"

"የት ልታስቀምጣቸው?"

"እዚሁ ነዋ!"

"እዚህማ ሠራተኞች አሉኝ" ብላ ወደ ዶሮዎቹ ጠቆመች። "አንተ ስትፈረጥጥ እነሱ አልፈረጠጡም።"

ኤኬማ አንገቱን ደፋ። "እውነትሽን ነው። ፈርቼ ነው የሄድኩት።"

ሊሙንጋ ለዚህ ቀን ስታጠራቅም የኖረችው ስድብ ሁሉ ከአፏ ጠፋ። እሷም ብትሆን የቀረችው መሄጃ አጥታ እንጂ ጀግና ሆና አልነበረም።

"በል አካፋውን ያዝና ኩሱን ጥረግ፣ አለቃዬ" አለችው።

ኤኬማ ሱፉን አውልቆ ጠረገ። ዶሮዎቹ ወደ ጓሮ ወጡ፤ ልጆቹም ከነኮምፒውተራቸው ገቡ። በመጀመሪያው የቪዲዮ ስብሰባ ላይ አውራ ዶሮው ሲጮህ ደንበኛው ደንግጦ "ምንድን ነው እሱ?" አለ።

"የሽያጭ ክፍላችን ነው" አለች ሊሙንጋ ኮስተር ብላ።