ካሳ ማነው?

አሪፋ ኑርሁሴንን ካወቅኳት ስድስት ዓመት ሆነኝ። አምባሰል ውስጥ፣ ከውጫሌ ከፍ ብሎ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ እሷ ነርስ፣ እኔ መድኃኒት ክፍል ሆነን አብረን እንሠራለን። ቤቷ ሐይቅ ነው። ሰኞ ጠዋት በሚኒባስ ትመጣለች፤ የተረኝነቷን ቀናት ስትጨርስ እናቷ እማማ ራህማ ዘንድ ትመለሳለች።

ደፋር ሴት አይደለችም። ላሳንሳት ብዬ አይደለም፣ ራሷም ትለዋለች። ውሻ ትፈራለች፤ ነጎድጓድ ትፈራለች፤ አለቃችን ሲጠራት "ደግሞ ምን አጠፋሁ?" እያለች ነው ከወንበሯ የምትነሳው። እንዲህ ያለች ሰው አንድ ቀን "ጃፓን ሄጄ አረጋውያን ልንከባከብ ነው" ስትለኝ ሳቅሁባት።

"ምን ያስቅሻል?" አለችኝ። "አባቴን ሦስት ዓመት ሙሉ ያገላበጥኩት፣ ያጠብኩት እኔ ነኝ። ይህን ሥራ አውቀዋለሁ መቅዲ። አልጸየፈውም። እዚያ አገር ሽማግሌው በዝቶ የሚያነሳው ሰው ጠፍቷል አሉ።"

አባቷ ግማሽ ጎናቸው ሽባ ሆኖ ነው የሞቱት። የምትለውን አውቃለሁና ሳቄን ተውኩ።

ለመሄድ የቋንቋ ፈተና ማለፍ ነበረባት። መጀመሪያ በስልኳ ነበር የምታጠናው። ስልኩ አንድ ዓረፍተ ነገር ያሳያታል፤ ካወቀችው ከቀናት በኋላ ይመልስላታል፣ ደግማ ካወቀችው ከሳምንት በኋላ፣ ከዚያ ከወር በኋላ። ከረሳችው ግን ወዲያው ያመጣባታል። "ልክ እንደ ቁስል ነው" ትለኝ ነበር። "የዳነውን በወር አንዴ ታዪዋለሽ፣ ያልዳነውን በየቀኑ ትጠርጊዋለሽ።"

ከዚያ መንገዱ ከፋ። በመንገድ የሚያስቆሙ ሰዎች ስልክ መበርበር ጀመሩ፤ በስልኩ ውስጥ ባለ ፎቶ የተነሳ ከመኪና ወርዶ ያልተመለሰ ሰው ወሬ በየሳምንቱ ይሰማል። ሁላችንም ጥሩውን ስልክ ቤት ትተን ቁልፍ ያለውን ትንሹን መያዝ ለመድን። አሪፋም ጥናቷን ወደ ወረቀት አዞረችው። ጊዜው ያለፈበት የክትባት ማስታወቂያ ወረቀቱ ጠንካራ ነው፤ እሱን በመቀስ እየቆራረጠች በአንዱ ፊት አማርኛውን፣ በሌላው ፊት የጃፓኑን ጽሑፍ፣ ከሥሩ ደግሞ አነባበቡን በኛው ፊደል ትጽፋለች። ከአራት መቶ በላይ ነበሩ። የጫማ ካርቶን በአምስት ከፍላ፣ በየክፍሉ ላይ "በየቀኑ"፣ "በ3 ቀን"፣ "በሳምንት"፣ "በ15 ቀን"፣ "በወር" ብላ ጻፈች።

ነጠላ ቃል አትጽፍም፤ ሁልጊዜ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። "ቃል ብቻውን ይንሸራተታል" ትላለች። ግሣቸው እንደኛ መጨረሻ ላይ መምጣቱ ደስ ይላት ነበር። ጠዋትን "አሳ" እንደሚሉት የሰሙ ጊዜ እማማ ራህማ እስኪያነቡ ስቀዋል። "ሐይቅ ላይማ ቀኑን ሙሉ አሳ ነው!"

ፈተናው አዲስ አበባ ሊሰጥ ሦስት ሳምንት ሲቀረው አሪፋ የሙሉ ሳምንት ተረኛ ሆነች። ሌላ ጊዜ የዕለቱን ካርዶች ብቻ በላስቲክ አስራ ነበር የምትይዘው። ያን ሰኞ ካርቶኑን እንዳለ በከረጢት ከታ ተሳፈረች።

ሐይቅን አልፈው ብዙም ሳይሄዱ መንገዱ ላይ ድንጋይ ተደርድሮ አገኙ። የታጠቁ ሰዎች ናቸው። የማን ወገን እንደሆኑ አሪፋ እስከ ዛሬ አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋት። ተሳፋሪው ሁሉ ወረደ። ረጅም ሰውዬ ዕቃ ይፈትሻል። የአሪፋን ካርቶን ከፈተና ቀና ብሎ አያት።

"ይሄ ምንድነው?"

"የ... የትምህርት ነው።"

ሰውዬው አንዱን መዝዞ ጮክ ብሎ አነበበ። "ነገ ጠዋት ሰባት ሰዎች ይመጣሉ።" ሌላ መዘዘ። "ድልድዩ ከተዘጋ በየት በኩል እንሄዳለን?" ሌላ። "ማንም ሳያይህ በጓሮ በር ግባ።" ገልብጦ የጃፓኑን ጽሑፍ ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። "በሦስት ቀን" አለ የካርቶኑን ክፍል እየጠቆመ። "በሦስት ቀን ምን ሊሆን ነው?"

አሪፋ ያን ሁሉ ዓረፍተ ነገር ከመማሪያ መጽሐፍ ስትገለብጥ አንዱም እንዲህ ተሰምቶ አያውቅም። አሁን በሰው አፍ ሲነበቡ ለራሷም የጠላት ወሬ መሰሏት። "ጃፓንኛ ነው፣ ወላሂ ጃፓንኛ ነው" ትላለች።

"አንብቢው" አላት፣ አንዱን ካርድ ሰጥቷት።

አነበበች። "ካሳ ኦ ዋሱሬማሽታ።"

"ካሳ?" አለ ሰውዬው። "ካሳ ማነው?"

"ሰው አይደለም። ጃንጥላ ነው። በነሱ ቋንቋ ካሳ ማለት ጃንጥላ ነው። ጃንጥላዬን ረሳሁ ነው የሚለው።"

"ካሳ ማነው አልኩሽ! የት ነው ያለው?"

ተሳፋሪው ሁሉ መሬት መሬቱን ያያል። እሷ በኋላ እንደነገረችኝ በዚያች ሰዓት ክፉኛ ያስፈራት ጠመንጃው አልነበረም፤ ከመነሻው አብረዋት በሳቅ በጨዋታ የመጡ ሰዎች ቀስ በቀስ ከአጠገቧ ፈቀቅ ማለታቸው ነው።

ሾፌሩን ሌሎቹን ጭኖ እንዲሄድ አዘዙት። ሁሉም ተሳፈረ። አንድ ሽማግሌ ብቻ ቀሩ፤ አባ ሽታው የሚባሉ የአምባሰል ገበሬ። የእግራቸውን ቁስል ሁለት ወር ሙሉ ያጠበችላቸው አሪፋ ነበረች።

"አባት፣ ይግቡ እንጂ" አላቸው ረጅሙ።

"አልገባም ልጄ። ይህች ልጅ እግሬን ያተረፈች ናት። ከሷ ጋር ነው የምሄደው።"

"ሰላይ ብትሆንስ?"

"ሰላይማ ብትሆን መርፌ ስትወጋኝ 'ይቅርታ አባ' እያለች ባላለቀሰች።"

ሚኒባሱ ሄደ። ሁለቱን ከመንገዱ ወረድ ብሎ ወዳለ የባሕር ዛፍ ጥግ ወሰዷቸው። እዚያ አለቅየው ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፤ ጢሙን ያጎፈረ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው። ካርዶቹን አንድ በአንድ አየ፤ ብዙ ጊዜ ወሰደ። አልተቆጣም፤ አለመቆጣቱ አሪፋን የባሰ አስፈራት።

"ቋንቋ ከሆነ" አለ በመጨረሻ፣ "ሁለቴ ብጠይቅሽ ሁለቴም አንድ ዓይነት ትመልሻለሽ። የፈጠራ ከሆነ ይምታታብሻል።"

ሃያ ካርድ መረጠ። የአማርኛውን ፊት እያነበበ ጃፓንኛውን በቃሏ እንድትለው አዘዛት። ረጅሙ በስልኩ ድምፅዋን ይቀርጻል። "ዝናቡ ሳይጀምር ወደ ቤት እንመለስ።" "አሜ ጋ ፉሩ ማኤ ኒ ካኤሪማሾ።" በልቧ "ያ አላህ፣ ያ አላህ" ትላለች፤ አንዳንዴ እሱ ከጃፓንኛው ጋር ተቀላቅሎ በአፏ ይወጣል፤ ያን ጊዜ ደንግጣ ከመጀመሪያው ትጀምራለች። አባ ሽታው ከዘራቸውን ተደግፈው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ።

አንዱ ካርድ ላይ ቆመች። "ወተቱ ሳይበላሽ ጠጡት።" ምንም አልመጣላትም። ረጅሙ "አየህ!" አለ።

ከዚያ አስቀመጧት። ግማሽ ሰዓት ይሁን ከዚያ በላይ አታውቅም። አለቅየው ካርዶቹን በውዞ እንደገና ጠየቃት፣ ረጅሙ የተቀረጸውን እያሰማ አስተያየ። አሥራ ዘጠኙ ቃል በቃል አንድ ሆኑ። ወተቱ ጋ ሲደርሱ እንደገና ጠፋባት። አለቀሰች።

"ይሄኛው ሁልጊዜ ይጠፋብኛል" አለች። "ለዚህ ነው በየቀኑ የሚለው ክፍል ውስጥ ያስቀመጥኩት። የማላውቃቸው እዚያ ናቸው። በወር የሚለው ውስጥ ያሉትን አልረሳም።"

አለቅየው ካርቶኑን ወደ ራሱ ሳበ። ከዚያ "በወር" ከሚለው ክፍል አምስት ካርድ አውጥቶ ጠየቃት። አምስቱንም ሳታመነታ አለች። "በየቀኑ" ከሚለው አምስት አወጣ። በሁለቱ ተደናቀፈች፣ አንዱን ጨርሶ አላወቀችውም።

"ሰላይ ሲልኩ የሚረሳ ሰው አይልኩም" አለ ለረጅሙ። ወደሷ ዞሮ፣ "ሂጂ። ይህን ይዘሽ መንገድ ላይ ዳግመኛ እንዳላይሽ።"

አባ ሽታው ናቸው ክንዷን ይዘው ያስነሷት። አስፋልቱ ላይ እንደወጡ ካርቶኑን ቦይ ውስጥ ልትጥለው ስትል ሽማግሌው ተቀበሏት። "አምጪው፣ እኔ ልያዘው። እኔን ማን ብሎ ይፈትሸኛል?" ጋቢያቸው ሥር አደረጉት፤ አንድ አይሱዙ እስኪያገኙ ድረስ በእግር መጡ።

ጤና ጣቢያ ስትደርስ ከሰዓት ሆኖ ነበር። ፊቷን ሳይ የሞተ ሰው ያለ መሰለኝ። ውኃ ሰጠኋት፣ ግማሹን ልብሷ ላይ ደፋችው። በዚያ ሳምንት መርፌ መውጋት አልቻለችም፤ እኔና ሀምዱ የተባለ ጓደኛችን ተካናት። ነገሩን የነገረችኝ በሦስተኛው ቀን ነው፤ ያኔም በሹክሹክታ።

"ለቀቁሽ እኮ፤ አለፈ" አልኳት።

"ድምፄ እዚያ ስልክ ውስጥ ነው ያለው መቅዲ። ያን ሰውዬ ነገ ሌሎች ቢይዙትስ? ስልኩን ከፍተው አንዲት ሴት በማይታወቅ ቋንቋ ስታወራ ቢሰሙ ምን ይላሉ?"

እኔም ፈራሁ። ካርቶኑን ከመድኃኒት መደርደሪያው ኋላ ደበቅሁት፣ የሚኒባስ በር ሲንሸራተት በሰማሁ ቁጥርም እዚያ እዚያ እመለከት ነበር።

አሥራ ሁለት ቀን አንድ ካርድ አልነካችም። ሐይቅ ስትመለስ ትምህርቱን ትቼዋለሁ አለች። ያስቀጠሏት እማማ ራህማ ናቸው። ካርቶኑን ለአባ ሽታው ሰጥቼ በዳቦ ዘንቢል ውስጥ ላክሁላቸው። እማማ ራህማ ፊደል አያውቁም፤ ግን አንድ ጠዋት በሩን ዘግተው ካርዶቹን አልጋው ላይ ዘረገፉና አንዱን አንስተው ፊቷ ላይ ያዙት።

"በይ።"

"እማ፣ ልክ መሆኑን እንዴት ታውቂያለሽ?"

"አንቺን አውቅሻለሁ። የምታውቂው ሲሆን ከአፍሽ ፈጥኖ ይወጣል። የማታውቂው ሲሆን ዓይንሽ ወደ ጣሪያ ይሄዳል። በይ አልኩሽ።"

እንዲህ አድርገው በዓይኗ ለዩአቸው፤ የፈጠነችበትን በቀኝ፣ የዘገየችበትን በግራ። በቀሩት ቀናት በሹክሹክታ፣ በሩ ተዘግቶ ደገሙት። ድልድይ፣ ጓሮ በርና ሰባት ሰዎች ያሉባቸውን ግን አሪፋ ምድጃ ውስጥ ጨመረቻቸው። በምትካቸው ስለ ሾርባ፣ ስለ አንሶላ፣ ስለ ታመመ ጉልበት ጻፈች።

አዲስ አበባ የሄደችው ካርድ ሳትይዝ ነው። ሦስት ቦታ አስቆሟቸው፤ ሦስቱንም ጊዜ ከሌሎቹ ጋር ወረደች፤ ምንም አላሏትም። የጽሑፉን ፈተና በደህና ሠራች። የቃሉ ፈተና ላይ ግን ሁለቱ ፈታኞች ጠረጴዛው ላይ ትንሽ መቅጃ አስቀምጠው ሲያበሩት፣ ቀይ መብራቷን እንዳየች አፏ ተዘጋ። ስሟን ጠየቋት፤ ስሟ ጠፋባት። ተነስታ ልትወጣ ነበር። ከየት እንደመጣላት አታውቅም፣ "ስኮሺ ማቴ ኩዳሳይ" አለች፤ ጥቂት ይጠብቁኝ እንደማለት ነው።

ጠበቋት። አንደኛዋ ሴትዮ ውኃ ቀዳችላት። ከዚያ ስለ ከተማዋ ጠየቋት፤ ስለ ሐይቁ፣ ስለ ጀልባው፣ አባቷን በየትኛው ጎን አስተኝታ ታጥብ እንደነበር ተናገረች። ስህተት ነበረው፤ ግን ተናገረች። ከሁለት ወር በኋላ ውጤቱ ሲመጣ ጽሑፉን በደንብ፣ የቃሉን በአንድ ነጥብ አልፋዋለች።

ቪዛው ባለፈው ሳምንት ወጣ። የነገረችኝ መድኃኒት ክፍሌ በር ላይ ቆማ ነው፣ ወረቀቱን በሁለት እጇ ይዛ።

"እንኳን ደስ ያለሽ!" አልኳት።

"መቅዲ፣ ፈራሁ።"

"አሁን ደግሞ ምኑን?"

"አውሮፕላኑን። ብርዱን። እማን ብቻዋን መተዉን። እዚያ የማላውቀው ነገር ቢጠይቁኝስ?"

ፍርሃቷ ይለቃታል ብዬ አልዋሸኋትም። ቅዳሜ ሻንጣ ልንገዛ ደሴ አብረን ወረድን። መንገድ ላይ አንዴ አስቆሙን፤ እጄን ጭምቅ አድርጋ ያዘች፣ እስኪያሳልፉንም አልለቀቀችኝም። ደሴ ፒያሳ ከሦስት ሱቅ በኋላ ጎማው ደህና የሚሽከረከር ሰማያዊ ሻንጣ አገኘንና እስከ መናኸሪያ እየተቀባበልን ጎተትነው።