ራበኝ ወይስ አማረኝ

ሐኪሙ ሚዛኑ ላይ ሁለት ጊዜ አወጣኝ። መጀመሪያ ከነጫማዬ፣ ቀጥሎ ያለ ጫማዬ። ጫማው የቀነሰልኝ ነገር እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም።

«ጉልበትሽን የሚያምሽ ጉልበትሽ ስለታመመ አይደለም» አለኝ። «የሚሸከመው ስለበዛበት ነው።»

ያኔ ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነበር። ጉለሌ ውስጥ በአንድ ፋብሪካ ቢሮ ታይፒስት ነበርሁ። ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብዬ እውልና፣ ከሥራ ስወጣ ከእናቴ ጋር ወደምኖርበት፣ ከቁስቋም በታች ወዳለው ቤታችን ዳገቱን ለመውጣት ሦስት ቦታ ቆሜ አርፋለሁ። ሐኪሙ ውጭ አገር ተምሮ የመጣ፣ በዕድሜ ከእኔ የማይበልጥ ቀጭን ሰው ነበር። መድኃኒት ይጽፍልኛል ብዬ ስጠብቅ ብዕሩን ኪሱ ውስጥ ከተተው።

«ሲርብሽ ብቻ ብዪ።»

«ዶክተር፣ እኔ ሁልጊዜ ይርበኛል።»

«ሁልጊዜ አይርብሽም። ሁልጊዜ ያምርሻል። ሁለቱ ይለያያሉ።»

እስከዚያ ቀን ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም። እርሱ እንዳስረዳኝ፣ ረሃብ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው፤ ያገኘውንም ይበላል። አምሮት ግን ድንገት ደርሶ ምግቡን በስሙ ጠርቶ ይጠይቃል።

«ከተምታታብሽ፣ ጨው የሌለው ቀዝቃዛ ቅቅል ድንች አስቢ» አለኝ። «እሱን እበላለሁ ካልሽ ርቦሻል። እሱንስ አልፈልግም ካልሽ አምሮሽ ነው። ውኃ ጠጪና ሥራሽን ቀጥዪ።»

ለሦስት ቀን አሰብሁ። የማስበው ድንች ግን እምቢ አለኝ። በሐሳቤ በመጣ ቁጥር አዋዜ ይዞ ነው የሚመጣው፤ አንዳንዴም ከጎኑ ጥብስ ይቀመጣል። በሐሳብ ብቻ እንደማይሆን ሲገባኝ አንድ እውነተኛ ድንች ቀቀልሁና፣ አቀዝቅዤ፣ በነጭ መሐረብ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ አስቀመጥሁት።

እናቴ ለሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ጥጥ የምትፈትል፣ ዕድሜዋን ሙሉ ቀጭን የነበረች ሴት ናት። የእኔን ውፍረት የምታየው እንደ ራሷ የእጅ ሥራ ነበር። ነገሩን ስነግራት እንዝርቷን አቆመች።

«ታመሽ ነው?»

«አልታመምኩም። ወፍረሻል ነው ያሉኝ።»

«ይኼን ለመስማት ሐኪም ቤት ድረስ ምን አስኬደሽ? እኔ አልነግርሽም ነበር?»

«ቀንሺ ነው የሚሉኝ፣ እማዬ። ሲርበኝ ብቻ እንድበላ።»

«አሁን ርቦኝ ነው አምሮኝ እያልሽ ሆድሽን ልትጠይቂ ነው?» አለችና መሐረቡን ገልጣ ድንቹን አየችው። «ጨው እንኳ የለውም እኮ! ድንቹ ምን አደረገሽ?»

ቢሮ ውስጥ የሻይ ደወል የሚደወለው ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ነበር። ከደወሉ ጋር የሠራተኛው ክበብ ቦንቦሊኖ ሽታ በኮሪደሩ ይመጣል። የእኔ ሆድ ደግሞ ከደወሉ አንድ ደቂቃ ቀድሞ ይጮኻል። ይኼማ የለየለት ረሃብ ነው ብዬ መሳቢያዬን ከፍቼ ድንቹን ሳየው ሆዴ ዝም ይላል። መሳቢያውን ስዘጋው እንደገና ይጮኻል። ከዚህ የባሰው ደግሞ ረቡዕና ዓርብ ነበር። በጾም ቀን ቁርስ ሳልቀምስ እውላለሁ፤ አራት ሰዓት ላይ ግን ምንም አይሰማኝም። ደወሉ ያው፣ ሽታውም ያው ነው። ሐሙስ ሲሆን ተመልሶ ይጮኻል። ሆዴ የቀን መቁጠሪያ እንደሚያውቅ ሳስተውል በእርሱ ላይ የነበረኝ እምነት ተሸረሸረ። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲዋሸኝ የኖረ መሰለኝ።

አጠገቤ የምትሠራው ሴት በመጀመሪያው ሳምንት ያዘነችልኝ እቤታችን የሚበላ ቸግሮን ድንች የምበላ መስሏት ነበር። ለእኔ ብላ ዳቦ በማርማላታ ይዛልኝ መጣች። እንዳልራበኝ ነገርኋት።

«ታዲያ ድንቹን የማትበዪው ከሆነ ለምን ትገልጪዋለሽ?»

«አየት አድርጌ ልመልሰው ነው።»

በማግሥቱ የጽሕፈት መኪናዋን አንድ ክንድ ያህል ከእኔ አራቀችው።

በወሩ ሁለት ኪሎ ቀነስሁ። ነገሩ የተበላሸው ከዚያ በኋላ፣ አንድ እሑድ ጠዋት ነው። የቀበሌ ስብሰባ ነበር፤ በዚያ ዘመን ደግሞ ከስብሰባ መቅረት አይታሰብም። በር ላይ የሚፈትሹት የአብዮት ጥበቃ፣ ጢማቸው የሸበተ፣ በዕድሜ ከእርሳቸው የሚበልጥ ጠመንጃ ያነገቱ አዛውንት ነበሩ። እጃቸውን ቦርሳዬ ውስጥ ሰደዱና መሐረቡ ላይ ሲደርሱ ቀጥ አሉ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ድንች ነው።»

እጃቸውን ቀስ አድርገው አወጡና ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ሁሉ አብሮ ወደ ኋላ አለ።

«ድንች ከሆነ አንቺ ራስሽ አውጪው። ቀስ ብለሽ።»

አውጥቼ መሐረቡን ፈታሁት። ድንች ነበር። እርሳቸው የጠበቁት ቦምብ ስለነበር ይብስ ተጠራጠሩ።

«ምሳሽ ነው?»

«አይደለም።»

«ልትሸጪው ነው?»

«አይደለም አባባ። ርቦኝ እንደሆነ የማውቅበት ነው።»

ድንቹን አገላብጠው አዩት። «አንቺ ርቦሽ እንደሆነ የሚያውቀው ድንቹ ነው?»

«እንደዚያ በሉት።»

«ነይ ወደ ሊቀመንበሩ።»

ሊቀመንበሩ ሰፊ ጠረጴዛ የሚጠበው ወፍራም ሰው ነበር። ጸሐፊው ከጎኑ ተቀምጧል። ድንቹ ከነመሐረቡ በሁለቱ መካከል ተቀመጠ። ዛሬ ይህን ስጽፍ እስቃለሁ፤ ያኔ ግን አልሳቅሁም። ከድንች ባነሰ ነገር እስር ቤት ገብቶ ያልወጣ ሰው አውቃለሁ።

«ካልራበሽ ምግብ ይዘሽ ለምን ትዞሪያለሽ?» አለኝ።

«አለመራቤን ለማወቅ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«ከራበሽስ?»

«እበላዋለሁ።»

«ከበላሽው በኋላ በምን ታውቂያለሽ?»

«ሌላ እቀቅላለሁ።»

ጸሐፊው ብዕሩን አነሳ። «ምን ብዬ ልመዝግበው? ምግብ ልበለው?»

«አልበላውም እያለች!» አለ ሊቀመንበሩ።

«እንግዲያው ዕቃ ልበለው?»

«ዕቃ ይቀቀላል እንዴ?» ሊቀመንበሩ ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ። «መለኪያ በለው።»

ጸሐፊው «አንድ መለኪያ፣ የድንች» ብሎ ጻፈ።

የሚያስሩኝ ጊዜ ደረሰ ብዬ ስጠብቅ ሊቀመንበሩ ወደ እኔ ጎንበስ አለ። «ለመሆኑ ስንት ቀነስሽ?» አለኝ ዝግ ባለ ድምፅ። ሁለት ኪሎ አልሁት። የራሱን ሆድ አንዴ አየት አደረገና ድምፁን መልሶ ከፍ አደረገ፤ «ይህ ለሰፊው ሕዝብ መብራራት ያለበት ጉዳይ ነው።»

በስብሰባው አጀንዳ ላይ በልዩ ልዩ ጉዳዮች ሥር ተያዝሁ። አዳራሹ ፊት ቆሜ፣ ድንቹን አዛውንቱ አጠገቤ ይዘውልኝ፣ ረሃብና አምሮት እንዴት እንደሚለያዩ ሐኪሙ የነገረኝን ሁሉ ተናገርሁ። ስጨርስ ጭብጨባ ነበር፤ ለምን እንደተጨበጨበ የገባው ሰው ያለ አልመሰለኝም። ሊቀመንበሩ መድረኩን ለውይይት ከፈተ።

«የመጀመሪያው ጥያቄ፣ አምሮት የንዑስ ከበርቴ ጠባይ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ነው።»

አንድ አስተማሪ ተነሥቶ አምሮት የሚመጣው ከትርፍ ነው፣ ትርፍ ያለው መደብ ነው የሚያምረው አለ። ከበስተኋላ አንድ ሸማኔ እጁን አወጣ።

«እኔ ትናንት ጥሬ ሥጋ አምሮኝ ነበር። ቤቴ ግን ሽሮም የለ። የየትኛው መደብ ነኝ?»

«ጥያቄው ይያዝ» አለ ሊቀመንበሩ።

ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት ተነሣች። «እኔ የሚያምረኝ አፈር ነው። ይኼስ?»

ሊቀመንበሩ ወደ ጸሐፊው ዞሮ ተንሾካሾከ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ «አፈር የሕዝብ ንብረት ስለሆነ ችግር የለበትም» አለ።

እንዲህ እየተባባልን ሰባት ሰዓት አለፈ። ሰው ወንበሩ ላይ ይንቆራጠጥ ጀመር። ሊቀመንበሩም ምሳው ሳይታወሰው አልቀረም፤ ነገሩን በድምፅ ብልጫ ለመዝጋት ወሰነ።

«አሁን የራበው እጁን ያውጣ!»

አዳራሹ በሙሉ እጁን አወጣ።

«ጓድ፣ ድንቹን ከፍ አድርገህ አሳያቸው። እሺ፣ ይኼን የሚበላ እጁን ያውጣ!»

እጆች አንድ በአንድ ወረዱ። ድንቹ ሦስት ቀን የቆየ ነበር፤ ተሸብሽቧል፣ ከመሐረቡም ክር ተጣብቆበታል። አንድ እጅ ብቻ ሳይወርድ ቀረ። ድንቹን በቀኛቸው የያዙት የአዛውንቱ ግራ እጅ ነበር።

ሰው ሁሉ ሳቀ። እርሳቸው አልሳቁም።

«ከንጋት ጀምሮ በር ላይ ነኝ» አሉ።

«ይብሉት» አለ ሊቀመንበሩ፤ «አንተ» ሲላቸው የነበረው ሰው ምን እንደነካው አላውቅም። ክሩን አንሥተው፣ ከነልጣጩ፣ ሳይቸኩሉ በሉት። እርሳቸው እስኪጨርሱ ያ ሁሉ ሰው ተቀምጦ ጠበቀ። ቃለ ጉባኤው ላይ ምን ተብሎ እንደተጻፈ አልነገሩኝም። እኔንም የጠየቀኝ ሰው ሳይኖር ከሰው ጋር ወጣሁ።

በር ላይ ስደርስ አዛውንቱ መሐረቤን አጣጥፈው መለሱልኝ።

«እውነተኛውን ረሃብ አላየሽውም» አሉኝ፤ ቁጣ አልነበረባቸውም። «እኔ በአገሬ ሳለሁ አይቼዋለሁ። በመጀመሪያው ቀን ሁሉም ያምርሻል። ቆይቶ የሚያምር የሚባል ነገር ይጠፋል። በመጨረሻ እንቅልፍ እንቅልፍ ነው የሚልሽ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። «እተወዋለሁ አባባ» አልሁ። «እንዲህ ያለ ነገር መሥራቴ ነውር ነው።»

«ለምን ትተዪዋለሽ? ጉልበትሽን ይሻለዋል ብለውሽ የለም?» ጠመንጃቸውን ወደ ሌላው ትከሻ አዛወሩ። «ብቻ ጨው ጣል አድርጊበት። ለሚያገኘው ሰው አስቢ።»

ቀበሌ በድንች ተይዛ ተፈታች የሚለው ወሬ ከእኔ ቀድሞ ቤት ደርሶ ነበር። እየከሳሁ መሄዴ ታከለበትና ጎረቤት ሳምባዋ ነው አለ። ሰዎች እናቴን ሊያጽናኑ ይመጣሉ፤ እኔ ደህና ሆኜ በሩን ስከፍትላቸው ያፍራሉ። እናቴ በመጨረሻ ቁስቋም ማርያም ሄዳ፣ የልጄን ሥጋ መልሺልኝ፣ ጥላ አገባልሻለሁ ብላ ተሳለች። እኔ ከጎኗ ቆሜ፣ አራት ኪሎ ጨምረሽ ውሰጂልኝ እያልሁ እለምናለሁ። በአንድ ጠዋት፣ በአንድ ቅጥር፣ እመቤታችንን በሁለት በኩል ይዘን ስንጎትት ግራ ሳናጋባት አልቀረንም።

በዚያው ዓመት ክረምት ከመሥሪያ ቤት እንጦጦ ላይ ችግኝ ልንተክል ዘመትን። ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት በጭቃ ውስጥ ስንቆፍር ዋልን። አራት ሰዓት አለፈ፤ ሆዴ አልጮኸም። ከብዙ ጊዜ በኋላ ግን ክንዴ ዛለ፣ የሰው ወሬ ራቀብኝ፣ ውስጤ ባዶ ሆነ። አንድም ምግብ በስሙ አልመጣልኝም። የደረቀ ዳቦ ታደለንና ቆሜ በላሁት። ግማሹ ላይ ስደርስ በቃኝ፤ ሌላውን ግማሽ አጠገቤ ለምትቆፍረው ሴት ሰጠኋት። በዕድሜዬ ምግብ ጀምሬ መተዌ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

ከዚያ ወዲህ ይቀለኝ ጀመር። አንድ ቀን ከእናቴ ጋር ዳገቱን ስንወጣ ከኋላዬ «ኧረ ቆዪኝ!» ስትል ሰማሁ። ዞር ብል ሩቅ ቀርታለች። በሚቀጥለው በዓል ጥላውን ገዝታ አገባች።

«ሥጋዬ አልተመለሰም እኮ፣ እማዬ» አልኋት።

«የተሳልሁትን እመቤቴ ታውቃለች። አንቺ አትግቢበት።»

ለሐኪሙ ውጤቴን ላሳየው የሄድሁት ስድስት ኪሎ ቀንሼ ነው። ሚዛኑን አይቶ ደስ አለው፣ እንዴት እንደተሳካልኝም ጠየቀኝ። ፍተሻውን፣ ሊቀመንበሩን፣ መለኪያ ተብሎ መመዝገቡን፣ በአዳራሽ መናገሬን ሁሉ አወራሁለት። ይስቃል ብዬ ነበር። ተነሥቶ በሩን ዘጋ።

«ስሜን አንሥተሻል?»

«አላነሣሁም። ሐኪም ነገረኝ ነው ያልኩት።»

«የትኛው ሐኪም?»

«እሱን የጠየቀኝ የለም።»

ቀጥሎ መስኮቱን ዘጋ። «ስለ ድንች የነገርሁሽ እኔ አይደለሁም» አለኝ።

«አይደሉም፣ ዶክተር።»

«እኔ ያልሁሽ ውኃ ጠጪ ብቻ ነው።»

«ውኃ ጠጪ ብቻ ነው ያሉኝ።»

ካርዴ ላይ የሆነ ነገር ጻፈና፣ ከእንግዲህ ደህና ስለሆንሁ መመላለስ አያስፈልገኝም አለ። በሩን ከፍቶ ራሱ ሸኘኝ፤ ኮሪደሩ ላይ ለተቀመጡት ሁሉ በሚሰማ ድምፅም፣ «ውኃ! ብዙ ውኃ!» አለኝ። እኔም ጎንበስ ብዬ እጅ ነሣሁና፣ ወደ ቤቴ በእግሬ ሄድሁ።